ራም ለብቻው አይመረጥም፦ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲገጣጠም የዋና ዋና ክፍሎች አመራረጥ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለማስገጣጠም የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት ጂቢ ራም ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ቢመለስ ገዢውን ያሳስተዋል፤ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚያኖርበት ክፍል) እንደ ማውዝና እንደ ኪቦርድ ተነጥሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለምና። የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ምርጫ የማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ቦርድ) ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚገባበትን ቦታ፣ ይወስናል፤ ማዘርቦርዱ በተራው የራሙን ዓይነት፣ የማስገቢያውን ብዛትና የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስናል፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚያዘጋጀው ክፍል) ተደምረው ደግሞ ምን ያህል ኃይል ያለው ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል ዕቃ) እንደሚያስፈልግ ይነግሩናል። ከእነዚህ አንዱን በቅናሽ ስላገኙት ብቻ ቀድመው የገዙ እንደሆነ፣ የቀሩትን ሁሉ በዚያ ዕቃ ልክ ለመፈለግ ይገደዳሉ።

ለማብራሪያ እንዲመቸኝ በአዲስ አበባ በጣም የተለመደ አንድ ሥራ እወስዳለሁ፤ እርሱም የሠርግና የልዩ ልዩ ዝግጅቶች ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ይህ ሥራ ፕሮሰሰሩንም፣ ራሙንም፣ ዲስኩንም ስለሚያስጨንቅ፣ ለእርሱ የሚሆነውን መምረጥ የቻለ ሰው ለቢሮ ጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ የሚሆነውን መምረጥ አይከብደውም።

አስቀድሞ ሥራውን መለካት

አሮጌም ቢሆን በእጅዎ ኮምፒውተር ካለ፣ ጥሩው መለኪያ እርሱ ነው። ዘወትር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ይክፈቱ፤ ከበድ ያለውን ፕሮጀክትዎን ያስነሱ፤ ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን በመክፈት፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ይመልከቱ። በዚያ ገጽ ላይ ምን ያህል ራም እንደተያዘ፣ ራሙ በምን ፍጥነት እየሠራ እንደሆነና ከማስገቢያዎቹ ስንቱ እንደተያዙ ተጽፎ ያገኛሉ። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን መረጃ ወደ ዲስክ ያሸጋግረዋል፤ ዲስክ ደግሞ፣ ፈጣን የተባለው ኤስኤስዲ እንኳ ቢሆን፣ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ማሽኑ ይንቀረፈፋል። ብዙ ሰው ይህን መንቀርፈፍ የፕሮሰሰር ድክመት አድርጎ ይወስደውና ችግሩን ለማይፈታ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል።

መጠኑን በተመለከተ የእኔ አቋም እንደሚከተለው ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ መዝገብ 8 ጂቢ ያሠራል፤ ይሁን እንጂ ዛሬ አዲስ ለሚገጣጠም ማሽን 16 ጂቢን መነሻ ማድረግ ይሻላል። ለቪዲዮ ቅንብር አዶቢ ራሱ ፕሪሚየር ፕሮ ለተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ የሚመክረው ለኤችዲ ምስል 16 ጂቢ፣ ለ4ኬ ደግሞ 32 ጂቢና ከዚያ በላይ ነው፤ በተግባር ያየሁትም ከዚህ አይርቅም። አፍተር ኢፌክትስን (የቪዲዮ ልዩ ውጤቶች መሥሪያ ፕሮግራም) ከፕሪሚየር ጋር ጎን ለጎን ከፍቶ የሚሠራ ሰው ግን 64 ጂቢ ቢያስብ የተጋነነ አይሆንም፤ አፍተር ኢፌክትስ ያዘጋጃቸውን ምስሎች ለቅድመ እይታ የሚያከማቸው በራም ላይ ስለሆነ፣ የተሰጠውን ያህል ይወስዳል።

ፕሮሰሰር፣ ሶኬትና ማዘርቦርድ

በአሁኑ ጊዜ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የሶኬት ዓይነቶች አራት ናቸው። የፕሮሰሰር አምራቹ የኤኤምዲ ኤኤም4 የሚቀበለው ዲዲአር 4 የተባለውን የራም ትውልድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣው ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር 5 ብቻ። የሌላው አምራች የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 የ12ኛ፣ የ13ኛና የ14ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮችን የሚይዝ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሮቹ ሁለቱንም የራም ዓይነቶች ስለሚያውቁ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው፤ ስለዚህ በስማቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት የቢ760 ቦርዶች አንደኛው ዲዲአር 4፣ ሌላኛው ዲዲአር 5 የሚቀበል ሊሆን ይችላል። ገዢዎች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ጋር ያመሳክሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከኮር አልትራ 200 ፕሮሰሰሮች ጋር የወጣው ኤልጂኤ 1851 ደግሞ ዲዲአር 5 ብቻ ነው።

ሁለቱ የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ሁለቱም 288 የግንኙነት ነጥቦች ቢኖሯቸውም መሐል ላይ ያለችው ቁራጭ (ከራሙ ሥር የተቆረጠችው ክፍተት) በተለያየ ቦታ ስለተቀመጠች ማስገቢያው አይቀበላቸውም፤ በኃይል ቢጫኑ የሚሰበረው ማዘርቦርዱ ነው።

ከፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ያለችውን ፊደል ልብ ይበሉ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች «ኤፍ» የሚል ምልክት ያለበት የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ለጌም ብቻ ለሚፈልገው ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ለቪዲዮ አቀናባሪ ግን ኤፍ የሌለውን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በኢንቴሉ ግራፊክስ ውስጥ ያለው ክዊክ ሲንክ የተባለው ክፍል፣ ከዘመናዊ ካሜራዎች የሚወጣውን ባለ 10 ቢት የኤች.265 (እጅግ የታመቀ) ቪዲዮ ፈትቶ ለማጫወት ከፍተኛ እገዛ ያደርጋል። ግራፊክስ ካርዱ በተበላሸ ቀንም ማሽኑ ጨርሶ ከመቆም ይድናል። በኤኤምዲ በኩል የኤኤም5 ፕሮሰሰሮች፣ ኤፍ ከሚለው በቀር፣ አነስተኛ ግራፊክስ አላቸው፤ የራይዘን 5000 ቤተሰብ ውስጥ ግን ግራፊክስ ያላቸው «ጂ» የሚለው ፊደል ያለባቸው ናቸው።

ያገለገለ ፕሮሰሰር ለሚገዛ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ዊንዶውስ 10 የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን፣ ከኤኤምዲም ራይዘን 2000 በታች ያሉትን በአብዛኛው አይቀበልም። ሁለተኛው ከ13ኛና ከ14ኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ ከእነዚህ መካከል 65 ዋትና ከዚያ በላይ ከሆኑት አንዳንዶቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ በመጠየቃቸው ቀስ በቀስ እየተጎዱ አለመረጋጋት እንደሚያሳዩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው የሚገባው በባዮስ (ማሽኑን በሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ውስጣዊ ፕሮግራም) ስለሆነ፣ አዲስ ከሆነ ባዮሱን ወዲያውኑ ማደስ ይበቃል፤ ለዓመት ያህል ሳይታደስ የሠራ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ግን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ ብሆን አልገዛውም።

ማዘርቦርዱን በተመለከተ ዋጋው ዝቅ ያለው የኢንቴሉ ኤች610 ቦርድ ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን የራሙን ፍጥነት ፕሮሰሰሩ በይፋ ከሚደግፈው በላይ ማስኬድ አይፈቅድም፤ አብዛኛውን ጊዜም የራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው። ፈጣን ራም ገዝቶ በኤች610 ላይ የሰካ ሰው ለማይጠቀምበት ፍጥነት ከፍሏል ማለት ነው።

ራም

በራም ማሸጊያ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚጻፈው 3200 ወይም 6000 የሚለው ቁጥር በሻጮች አንደበት «ሜጋኸርዝ» ቢባልም፣ ትክክለኛ ትርጉሙ ራሙ በአንድ ሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚያስተላልፍ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ 8 ባይት ስለሚተላለፍ 3200ን በ8 ስናባዛ 25,600 ሜጋባይት በሰከንድ እናገኛለን፤ በአንዳንድ ራሞች ላይ «ፒሲ4-25600» ተብሎ የሚታየው ጽሑፍ ከዚሁ የመጣ እንጂ ሌላ ዓይነት ራም አይደለም። ሁለት ራሞች በሁለቱ ቻናሎች (በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ባሉት መስመሮች) ላይ ሲቀመጡ መተላለፊያው እጥፍ ይሆንና 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ ይደርሳል፤ 6000 የሚሉ ሁለት የዲዲአር 5 ራሞች ደግሞ 96 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ዱዋል ቻናል የሚባለው ይህ ነው፤ ከአንድ ባለ 32 ጂቢ ራም ይልቅ ሁለት ባለ 16 ጂቢ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ «ሲኤል» የሚል ቁጥር ይመጣል። ይህ ቁጥር ራሙ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ መልስ መስጠት እስኪጀምር የሚያልፉትን ዑደቶች ይቆጥራል። ለብቻው ሲታይ ያታልላል፤ ስለዚህ በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ቁጥር ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ውጤት በናኖሰከንድ የተለካ ነው። የዲዲአር 4 3200 ሲኤል 16 እና የዲዲአር 5 6000 ሲኤል 30 ሁለቱም ልክ 10 ናኖሰከንድ ይሰጣሉ፤ የዲዲአር 5 4800 ሲኤል 40 ግን ወደ 16.7 ይወጣል። አዲስ ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያውን ርካሽ ዲዲአር 5 የገዛ ሰው ጥሩ ዲዲአር 4 ካለው ብዙ ያልራቀ ውጤት የሚያገኘው ስለዚህ ነው። ለኤኤም5 ማሽኖች 6000 ላይ መቆም ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጨምሩት ገንዘብ የሚያገኙት ልዩነት ትንሽ ነው።

አሁን በተደጋጋሚ የማየውን ስሕተት ልንገርዎ። አንድ ወዳጄ ለቪዲዮ ሥራው በኤኤም5 ላይ ሁለት ባለ 16 ጂቢ ራሞች ነበሩት። ሥራው ሲሰፋ ሁለት ተጨማሪ ራሞች፣ በስምም በፍጥነትም ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ፣ ገዝቶ ሰካ። ማሽኑ ተነሳ፤ ጠቅላላውም 64 ጂቢ ሆኖ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ መሐል ላይ እየደረቀ አስቸገረው። የሁለት ሠርግ ሥራ ዘገየበት፤ ከደንበኞቹም ጋር ተቀያየመ። ሰውየው የጠረጠረው ግራፊክስ ካርዱን ነበር። ራሞቹን አራቱንም አውጥተን ሁለት ሁለቱን ለየብቻ ስንፈትናቸው ግን ምንም እንከን አልተገኘባቸውም፤ ችግሩ የሚመጣው በአንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነበር። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ሁለት ራም ሲሰካባቸው በይፋ እስከ 5200 ይደግፋሉ፤ አራት ሲሰካ ግን ይህ ቁጥር ወደ 3600 ይወርዳል፤ የእርሱ ማሽን ደግሞ አራቱንም በ6000 ለማስኬድ ይታገል ነበር። በዚህ ላይ አምራቾች የራሙን ስም ሳይቀይሩ በውስጡ ያሉትን ቺፖች ስለሚቀያይሩ፣ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ራሞች በባሕርይ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። በመጨረሻ አራቱንም ሸጦ በአንድ ማሸጊያ የመጡ ሁለት ባለ 32 ጂቢ ራሞች ሲገዛ ችግሩ ጠፋ። ስለዚህ ወደፊት የሚያስፈልግዎትን መጠን ዛሬ ይወስኑና በአንድ ማሸጊያ ሁለት አድርገው ይግዙ፤ ሁለቱ የቀሩ ማስገቢያዎች ባዶ ቢቀሩ ምንም አይጎዳም።

ገንዘቡ ለሁለት ካልበቃስ? እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከብዷል። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት የሚፈለገው ሜሞሪ በመብዛቱ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ክፉኛ ወጥቷል፤ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ሦስቱ ብቻ ስለሆኑም አማራጩ ጠባብ ነው፤ ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የሚሸጠውን እንደሚያቆም እስከ ማስታወቅ ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የምመክረው ይህ ነው፦ ማሽኑ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካለው በአንድ ባለ 16 ጂቢ ጀምሮ ቆይቶ ሁለተኛውን መጨመር ይቻላል፤ አንድ ቻናል ላይ ሁለት ራም መደራረብ ስለማይኖር፣ ከላይ የተነገረው ዓይነት ችግር የመድረስ ዕድሉ በጣም ያንሳል። ማሽኑ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ሁለት ባለ 8 ጂቢ ይሁን፤ ይህ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚኖረው ከራሙ በሚያገኘው መተላለፊያ ነው።

ዋጋ ሲወደድ ደግሞ የማይሆን ዕቃ ወደ ገበያ ይወጣል። ከሰርቨር የተፈታ ራም በርካሽ ይቀርባል፤ ዲዲአር 4 ከሆነ በዴስክቶፕ ማስገቢያ ውስጥ በትክክል ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። መለያው ቀላል ነው፤ በራሙ ወረቀት ላይ ከፍጥነቱ ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ ውስጥ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ካለ የሰርቨር ነው፤ «ዩ» ካለ የዴስክቶፕ ነው። መሐል ላይም ከሌሎቹ የተለየች ተጨማሪ ቺፕ ትታያለች። ከውጭ አገር ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ «ራም ላክልኝ» ብቻ አይበሉ፤ የላፕቶፕ ራም ርዝመቱ ከዴስክቶፑ በግማሽ ያህል ያነሰ ሌላ ዕቃ ነውና፣ ሙሉ ስሙንና የማሸጊያውን ፎቶግራፍ ይላኩ።

በራሙ ላይ የሚደረደሩ ባለ ቀለም መብራቶች ለሥራው የሚጨምሩት ነገር የለም።

ፓወር ሰፕላይና ኤሌክትሪክ

ሰዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው የሚቆርጡት ከፓወር ሰፕላይ ነው፤ እኔ ግን የመጨረሻውን ብር እዚህ ላይ እንዲያኖሩት እለምናለሁ። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ብቻውን ላይሄድ ይችላል፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው የሰው ሠርግ ደግሞ ዳግመኛ አይቀረጽም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ኮር አይ5-14400 ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም እስከ 148 ዋት ይወስዳል፤ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ 115 ዋት ይወስዳል፤ ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለፋን 60 ዋት ያህል ብንይዝ ድምሩ ወደ 320 ይጠጋል። ለዚህ ጥሩ ጥራት ያለው 550 ዋት ይበቃል፤ ስሙ በማይታወቅ ካርቶን ላይ የተጻፈ 750 ዋት ግን የሚታመን አይደለም። በቤታችን ያለው መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ ከአሜሪካ በተለይ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ሲመጣ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ እንዳለው ይመልከቱ፤ ካለ ወደ 230 ሳያዞሩ መሰካት ወዲያውኑ ያቃጥለዋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ራሱን ያስተካክላል።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ) የግድ ነው። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ 650 ዋት ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ስለሆነ፣ በጀርባው ላይ በዋት የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ያው ፋን በጅቡቲ ወደብ ከሚያንቀሳቅሰው ያነሰ ክብደት ያለው አየር ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ አየር የሚያስገባ፣ የአቧራ ወንፊቱም ተነቅሎ የሚታጠብ ኬዝ ይምረጡ።

መግጠምና መፈተሽ

ራሙን ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት በመንካት በሰውነትዎ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ያስወግዱ። ማስገቢያዎቹ አራት ከሆኑ ሁለቱ ራሞች የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቢቀመጡ ዱዋል ቻናል አይሠራም። ቁራጯን ከማስገቢያው ጋር ካስተካከሉ በኋላ ሁለቱንም ጫፎች በእኩል ኃይል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ይጫኑ። «አዲሱ ማሽን አልበራም» ተብሎ ከመጣልኝ መካከል ብዙው ራሙ እስከ መጨረሻው ያልገባ ወይም የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቀዳዳ የኃይል ገመድ የተረሳ ነበር።

በዲዲአር 5 ማሽን፣ በተለይ በኤኤም5፣ በመጀመሪያው ማብራት ላይ ማዘርቦርዱ ራሙን ስለሚለማመድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አይደንግጡ፤ አያጥፉት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡት። ከተነሳ በኋላ ወደ ባዮስ ገብተው በኢንቴል ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ ኤክስፖ የሚባለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር፣ ያብሩ፤ ይህ ካልተደረገ 6000 ተብሎ የተገዛው ራም በ4800 እየሠራ ይቀራል፤ እንዲህ ሆነው ዓመታት ያሳለፉ ማሽኖች አጋጥመውኛል። ባዮስ ማደስ ካስፈለገ ኮምፒውተሩ ከዩፒኤስ ጋር ሳይያያዝ ፈጽሞ አይጀምሩ፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላልና።

በመጨረሻም ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጭነው ማሽኑን በእርሱ ያስነሱና አራቱን ዙር እስኪጨርስ ሌሊቱን ይተዉት። አንድም ስሕተት መገኘት የለበትም፤ አንድ ከታየ ኤክስኤምፒውን ወይም ኤክስፖውን አጥፍተው ይድገሙት። ያኔ ስሕተቱ ከጠፋ ራሙ በተጻፈበት ፍጥነት በዚያ ቦርድ ላይ አይረጋም ማለት ነው፤ ካልጠፋ ራሞቹን አንድ በአንድ በዚያው ማስገቢያ እየፈተኑ የታመመውን ይለዩና የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይመልሱት። ሲመልሱም በአንድ ማሸጊያ የመጡትን ሁለቱንም አብረው ይስጡ፤ አንዱን ብቻ ቢቀይሩልዎ ጥንድነቱ ይፈርሳል።